ርካሽ የአትክልት ዘር ከውድ ዘር በምርት ያንሳል?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በሚገኘው ጓሮዬ ቲማቲምና ሽንኩርት ልዘራ አስቤአለሁ፤ በገበያ ተሰፍሮ የሚሸጠው ዘር ከታሸገው የውጭ ዘር በዋጋ እጅግ ስለሚያንስ፣ በምርትም ያንስ እንደሆነ የምታውቁ እንድትነግሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፦ ውዱ የቲማቲም ዘር አብዛኛውን ጊዜ ዲቃላ፣ ማለትም ሁለት የተለያዩ ዝርያዎችን በማዳቀል የተገኘ ነው። ምርቱ ከፍተኛና ወጥ ቢሆንም፣ ከፍሬው የሚወሰደው ዘር የእናቱን ባሕርይ ስለማይጠብቅ በየጊዜው አዲስ መግዛት ግድ ይላል፤ ለቤት ፍጆታ ዲቃላ ያልሆነው በቂ ነው እላለሁ።

መልስ፦ በቲማቲሙ እስማማለሁ፤ የሽንኩርት ዘር ግን የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ስለሚያጣ፣ መቼ እንደተመረተ ያልታወቀውን በርካሽነቱ ብቻ አይግዙ። አስቀድመው 10 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ቢፈትሹና 4 ወይም 5 ብቻ ቢበቅል፣ ርካሹ ዘር በእርግጥ ውድ ሆኗል ማለት ነው።

መልስ፦ እኔ የምኖረው ደሴ ነው፤ እዚህ ብርዱ ስለሚበረታ፣ ከዋጋው ይልቅ ዝርያው ለደጋ መስማማቱን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።