ጫማ የሚቆልፈው ፔዳል ለጀማሪ ይሆናል?

— ሰላም ጓዶች፣ ሳይክል ከጀመርኩ 5 ወሬ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ከአዘዞ ፒያሳ እወጣለሁ። ጫማ የሚቆልፈውን ፔዳል ልግዛ? ባጃጅ ድንገት ፊቴ ሲቆም እግሬ ባይወጣስ?

— ትወድቃለህ፣ እሱን እወቀው 😂 እኔ ፒያሳ መሃል ቆሜ ሳለ እንደ ጆንያ በጎኔ ዘጭ አልኩ። ሊስትሮዎቹ እስካሁን ሲያዩኝ ይስቃሉ።

— ክሊቱ (ጫማው ስር ሆኖ ፔዳሉ ላይ የሚቆለፈው ቁራጭ) በ2 ብሎን የሚታሰረውን፣ ኤስፒዲ የሚባለውን ፔዳል ያዝ፣ ባለ 3 ብሎኑ ጫማ ኮብልስቶን ላይ ያንሸራትትሃል። የፔዳሉን ስፕሪንግ በ3 ቁጥር ብሩጎላ አላላው፣ ከዛ ግድግዳ ይዘህ ተረከዝህን ወደ ውጭ እያዞርክ እስኪሰለችህ አውጣ አስገባ። ደግሞ እግርህን ሳትቆም በፊት ነው የምታወጣው፣ ከቆምክማ አለቀልህ።

— የሺማኖ ኤስኤች 56 ክሊት ካገኘህ እሱን አስገባ፣ በብዙ አቅጣጫ ይለቃል።

— እሺ፣ ቅዳሜ ግድግዳ ፍለጋ 😅