ደሴ ላይ ቤት ውስጥ ያለ አፈር ሰላጣና ቆስጣ፦ መብራት ሲጠፋስ? ማዳበሪያውስ?

ጦሳ ግርጌ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሆጤ አካባቢ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። ጓሮ የለኝም፣ አንድ ትርፍ ክፍል ግን አለ፤ መስኮቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያያል። ያለ አፈር በውሃ ብቻ ሰላጣና ቆስጣ፣ ከተቻለም ቲማቲም ለማብቀል አስቤአለሁ። ወንደላጤ ስለሆንኩ ሦስት አራት ባልዲ ይበቃኛል። መብራት አንዴ ከጠፋ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ታዲያ ፓምፕ ያለውን የቱቦ ዓይነት መሥራት ያዋጣል? ማዳበሪያስ? ዩሪያና ኤንፒኤስ በቀላሉ አገኛለሁ፣ በጥብጬ ብጠቀም ምን ችግር አለው? ሌላው፣ ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ከዓሣ ጋር አያይዛ መሥራት ፈልጋለች፤ እዚያ ይሆናል? የምታውቁ ጀባ በሉን።

ሥርና ውሃ፦
ፓምፑን ተወው ወንድሜ። ቱቦ ውስጥ በስሱ በሚፈስ ውሃ ላይ የተተከለ ሰላጣ ሥሩ ሥር የተጠራቀመ ውሃ የለውም፤ ፓምፑ ሲቆም ፀሐይ ባለበት ቀን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጠወልጋል። አየር የሚነፋው የባልዲ ዓይነት ትንሽ ይታገሣል፤ እሱም ቢሆን ሥሩ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ስለሆነ መብራቱ ጠፍቶ ሲቆይ ይታፈናል። ለደሴ የሚስማማው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ያስተዋወቀው፣ ውሃው ባለበት ቆሞ የሚሠራበት ዘዴ ነው። መብራት ጠፋ አልጠፋ አይመለከተውም።

ክዳን ያለው 20 ሊትር ባልዲ ውሰድ፤ የምግብ ዕቃ የነበረ ይሁን፣ የፀረ ተባይ ዕቃ ግን ቢታጠብም አይሆንም። ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ውጪውን መጀመሪያ ጥቁር፣ ከላዩ ነጭ ቀለም ቀባው፤ ጥቁሩ ብርሃን ይከለክላል፣ ነጩ ሙቀት ይመልሳል። ይህ ከተዘለለ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል፣ አልጌው ምግቡን ይሻማል፣ ሲሞትም ይበሰብስና ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ክዳኑን ለሰላጣ ሦስት፣ ለቆስጣ ሁለት ቦታ ብሳ፤ የቀዳዳው ስፋት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል። ለመያዣ ልዩ ዕቃ አትግዛ፤ አፉ ከቀዳዳው ትንሽ የሚሰፋ የፕላስቲክ ኩባያ ታቹንና ጎኑን በጋለ ምስማር በስተህ ተጠቀም።

ዘሩን በ2.5 ሴንቲ ሜትር በተቆረጠ የፍራሽ ስፖንጅ ላይ ዝራ። ስፖንጁን ሰንጥቀህ ዘሩን ከላይ ጣል አድርገው እንጂ አትቅበረው፤ የሰላጣ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። እስኪበቅል ተራ ውሃ ይበቃዋል፣ ከዚያ በኋላ በግማሽ የቀጠነ የማዳበሪያ ውሃ ስጠው፤ ከሁለቱ የመጀመሪያ ቅጠሎች ሌላ አራት ሲያወጣ ወደ ባልዲው ይዛወራል።

አሁን ዋናው ነገር የውሃው ከፍታ ነው። ስትተክል ውሃው የኩባያውን ታች 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይንካ። ተክሉ በጠጣ ቁጥር ውሃው ይወርዳል፣ በክዳኑና በውሃው መሃል ባዶ ቦታ ይፈጠራል፤ እዚያ ክፍተት ውስጥ የሚያድገው ጸጉራም ሥር ነው አየር የሚስበው። ብዙ ሰው ውሃው ጎደለ ብሎ እስከ አፉ ይሞላዋል፣ ያ ሥር ይሰምጣል፣ ውሃ ሞልቶ ሳለ ተክሉ ይጠወልጋል። መጨመር ካስፈለገ ከባልዲው ግማሽ አታሳልፍ። አንድ ሰላጣ እስኪደርስ 4 ሊትር ገደማ ስለሚጠጣ ሦስት ሰላጣ ባንድ ሙሌት ይወጣል። ቆስጣ ግን ቅጠሉ እየተቆረጠ ወራት ስለሚቆይ በየጊዜው መጨመሩ አይቀርም።

ቲማቲሙን ከሰኞ ገበያ ግዛ። የደሴ ሌሊት ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ አበባው ፍሬ አይዝም፣ ቤት ውስጥ ደግሞ ነፋስ ስለሌለ አበባውን በየቀኑ እየነካኩ ማራገፍ ያስፈልጋል፤ ትልቁ ተክል በቀን ከሊትር በላይ ውሃ ይጨርሳል። በአንድ መስኮት ብርሃን ይህ ሁሉ ድካም አይከፍልም። ባልዲዎቹን ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ባዶ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ አታስቀምጥ፤ ጣውላ ወይም ፎም ከታች አድርግ። ሰላጣ በብርድ አይሞትም፣ ያዘግማል እንጂ። በሞቃት ክፍል ከተዛወረ በኋላ አምስት ሳምንት የሚፈጅበት፣ በዚያ ወቅት ሁለት ወር ሊወስድ ይችላል።

ግራም በግራም፦
የማዳበሪያውን እኔ ልመልስ፤ ከዘዴው ይልቅ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን አለው፣ ግን ያ ናይትሮጅን ለሥር እንዲመች የአፈር ባክቴሪያ ወደ አሞኒያ፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ሊለውጠው ይገባል። ንጹሕ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ያን ሥራ በበቂ የሚሠራ የለም፤ ወይ ሳይለወጥ ይቀመጣል፣ ወይ አሞኒያው ተጠራቅሞ ሥሩን ያቃጥላል። ኤንፒኤስ ደግሞ 19 ናይትሮጅን፣ 38 ፎስፌት፣ 7 ድኝ ነው፤ ናይትሮጅኑ በአሞኒየም መልክ ነው፣ ፍሬው በሙሉ አይሟሟም፣ ታች ይዘቅጣል። በሁለቱም ውስጥ ፖታሺየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም የለም። አፈር ይህን ከራሱ ያሟላ ነበር፤ ውሃ አያሟላም። ስለዚህ ሁለቱንም ለገበሬው ተውለት።

የሚያስፈልጉህ ለአበባ እርሻና ለጠብታ መስኖ የሚሸጡት በውሃ ሙሉ በሙሉ የሚሟሙ ጨዎች ናቸው። ሁለት ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ አዘጋጅ። በመጀመሪያው 160 ግራም ካልሲየም ናይትሬት ከ8 ግራም ኬሌት ብረት (ውሃ ውስጥ እንዳይዘቅጥ ተደርጎ የተዘጋጀ ብረት) ጋር፤ ብረቱ ፓኬቱ ላይ ኢዲዲኤችኤ 6 በመቶ የሚለው ይሁን፣ ዲቲፒኤ 11 በመቶ ከሆነ 4.5 ግራም ይበቃል። በሁለተኛው 80 ግራም ፖታሺየም ናይትሬት፣ 40 ግራም ሞኖፖታሺየም ፎስፌት፣ 80 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት፣ በተጨማሪም ዚንክ፣ ቦሮን፣ ማንጋኒዝና መዳብ ያለበት ድብልቅ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ። ሁለቱም በውሃ 1 ሊትር ይሙሉ፣ ጨለማ ቦታ ይቀመጡ።

ለችግኝ ከእያንዳንዱ በ1 ሊትር ውሃ 2.5 ሚሊ ሊትር፣ ለሰላጣ 4፣ ለቆስጣ 5። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ባለ 10 ሲሪንጅ ለዚህ ይበቃል። 5 ሚሊ ሊትር ሲገባ ወደ 175 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን፣ 45 ፎስፈረስ፣ 205 ፖታሺየም፣ 150 ካልሲየም፣ 40 ማግኒዥየም በሊትር ይደርሰዋል። ኢሲ ሜትር (ውሃው ውስጥ ያለውን የጨው መጠን የሚለካ መሣሪያ) ካለህ ለሰላጣ ከ1.2 እስከ 1.6 ሚሊ ሲመንስ በሴንቲ ሜትር ይበቃል።

ሁለቱን ሃይላንድ ሳይቀጥኑ እንዳታገናኛቸው። ካልሲየሙ ከሰልፌቱና ከፎስፌቱ ጋር ተያይዞ እንደ ኖራ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፣ አንዴ ከዘቀጠም ተመልሶ አይሟሟም። መጀመሪያ ባልዲውን በውሃ ሙላ፣ አንዱን ጨምረህ አማስል፣ ከዚያ ሌላውን። ሚዛኑ ደግሞ የወጥ ቤት ሚዛን አይሁን፣ 0.1 ግራም የሚያነብ ትንሽ ዲጂታል ይሁን፤ ብረት ላይ የ3 ግራም ስህተት ብዙ ነው።

የመስኮት እርሻ፦
ግራም በግራም፣ ይህን ሁሉ ጨው ማን ያገኛል? የፍግ ውሃ አጥልሎ መጠቀምስ?

ግራም በግራም፦
ለአፈር ግሩም ነው። ለቆመ ውሃ ግን አይሆንም፤ ያልበሰበሰው ነገር ባልዲው ውስጥ መበስበሱን ይቀጥላል፣ ኦክስጅኑን ይበላል፣ ሥሩ ቡናማ ሆኖ ይልሞሰሞሳል፣ ቤቱም ይሸታል። በጥሬ የሚበላ ሰላጣ ላይ ደግሞ የፍግ ውሃ ከጤናም አንጻር አልደግፍም። ጨዎቹ የሚሸጡት በትልልቅ ከረጢት መሆኑ እውነት ነው፤ አምስት ስድስት ሰው ተዋጥቶ ቢገዛ ግን ለየራሱ ዓመት ይበቃዋል።

ጦሳ ግርጌ፦
እናመሰግናለን። ፒኤች የሚባለውን፣ ማለት የውሃውን አሲድነት፣ በሎሚ ማስተካከል ይቻላል? መስኮቴስ ብርሃኑ ይበቃል?

ግራም በግራም፦
ሎሚም አቼቶም ለአንድ ሁለት ቀን ያወርደዋል፣ ከዚያ ባክቴሪያ አሲዱን ይበላውና ፒኤቹ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ማንቆርቆሪያህ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ከሆነ ውሃው ባይካርቦኔት አለበት፣ ፒኤቹ በራሱ እየወጣ ይሄዳል። ፎስፎሪክ አሲድ ይሻላል፤ ለ20 ሊትር በ0.5 ሚሊ ሊትር ጀምር፣ አማስለህ ለካ፣ ከ5.5 እስከ 6.5 ሲገባ አቁም። ካጣህ ያልተሠራበት የባትሪ አሲድ በዚሁ መጠን ይሠራል፤ ከአሮጌ ባትሪ የተቀዳ ግን እርሳስ ስላለበት በፍጹም። ጓንት አድርግ፣ አሲዱን ወደ ውሃ ጨምር እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አትጨምር። ክረምት ላይ ከቆርቆሮ የሚወርደውን ዝናብ፣ የመጀመሪያውን እጥበት ደፍተህ ብታጠራቅም አሲዱ ጠብታ ብቻ ይሆናል።

የመስኮት እርሻ፦
ስለ መስኮቱ። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የእኩለ ቀን ፀሐይ የምታዘነብለው ወደ ሰሜን ነው። በበጋ ግን ወደ ደቡብ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ያንተ መስኮት ከጥቅምት እስከ የካቲት የጧቱን ፀሐይ እስከ ቀትር ድረስ ያስገባል፣ ሰላጣም ቆስጣም ደህና ይሆናሉ። ባልዲው ከመስታወቱ ከግማሽ ሜትር አይራቅ፣ ከዚያ ወዲያ ብርሃኑ ለዓይን እንጂ ለተክል አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ በጉምና በደመና ምክንያት ግንዱ እየቀጠነ ወደ መስኮቱ ይንጋደዳል፤ ያ የማዳበሪያ ማነስ አይደለም፣ ጨው ብትጨምርለት ይብሳል።

መብራት መጨመር ከፈለግህ ወይን ጠጅ ቀለም የሚያበራውን ውድ አምፖል አትፈልግም። 1.2 ሜትር ርዝመት ያላቸው ነጭ ባለ 18 ዋት ኤልኢዲ ዘንጎች ስድስቱ፣ 60 በ120 ሴንቲ ሜትር መደርደሪያ ላይ፣ ከቅጠሉ 15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለው ይታሰሩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ይብሩ። በወር 52 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥራል፤ ለሦስት ባልዲ ይህን መክፈል ተገቢ ነው አልልም፣ ክረምቱን ብቻ ተጠቀምበት። መብራት አንድ ቀን ቢጠፋ እድገቱ ይዘገያል እንጂ ምንም አይሆንም።

ቦርከና ማዶ፦
ለእህትህ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ (ቲላፒያ) ይስማማታል፤ ደሴ ግን አይሆንም። ቆሮሶ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሲወርድ መብላት ይቀንሳል፣ 16 አካባቢ ያቆማል። አትክልቱ የሚመገበው ከዓሣው ቆሻሻ ስለሆነ፣ ዓሣው ካልበላ አትክልቱም ምግብ የለውም። ከፍታው በራሱ ሌላ ጣጣ አለው፤ ባሕር ጠለል ላይ 20 ዲግሪ ውሃ በሊትር 9.1 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ ኮምቦልቻ ላይ 7.2፣ ደሴ ላይ 6.7 አካባቢ ነው። ስለዚህ ከቆላ አገር የተወሰደ የዓሣ ብዛት እዚህ አይሠራም።

ለጀማሪ የምለው፦ 200 ሊትር ንጹሕ በርሜል፣ ከላዩ 1 ሜትር በ65 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ አትክልቱ የሚተከልበት አልጋ፣ ታጥቦ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር በተነፋ ቀይ አሽ የተሞላ። አልጋው ሲሞላ 80 ሊትር ያህል ከበርሜሉ ይወስዳል፣ ከዚያ የሰፋ አልጋ ዓሣውን ደረቅ ላይ ያስቀራል። ፓምፑ በሰዓት 400 እስከ 600 ሊትር የሚል ይሁን፤ ውሃ ወደ ላይ ሲገፋ ጉልበቱ ስለሚቀንስ። 15 ደቂቃ ሠርቶ 45 ደቂቃ ይረፍ። እርጥብ ድንጋዩ ከበርሜሉ ጋር ብዙ መቶ ኪሎ ስለሚመዝን ምድር ቤት ይሁን፣ ፎቅ ላይ አይሞከር።

የቧንቧው ክሎሪን እንዲለቅ ውሃው አፉን ከፍቶ አንድ ቀን ይደር። ከዚያ ዓሣ ሳይገባ፣ የዓሣውን ቆሻሻ ወደ አትክልት ምግብ የሚለውጠው ባክቴሪያ ይለመድ፤ በ25 ዲግሪ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ መኖ ጣል ይደረግበትና አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ወጥተው ተመልሰው በሊትር ከ0.5 ሚሊ ግራም በታች ሲሆኑ ጫጩት ይገባል። አብዛኛው ሰው ይህን መታገሥ አቅቶት ነው በሁለተኛው ሳምንት ዓሣው የሚያልቅበት። በርሜሉ ውስጥ ያለው ዓሣ በጠቅላላ ከ1.5 ኪሎ አይለፍ፣ ማለት ባለ 250 ግራም ስድስት። በቀን 30 ግራም መኖ ለዚያ አልጋ ይበቃል። በ20 ደቂቃ ያልተበላ መኖ ይውጣ። ከሐይቅ በመረብ የተያዘ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ስለሚችል ጫጩቱን ከማራቢያ ቦታ ማግኘት ይሻላል።

መብራት ሲጠፋ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይኑር፣ ያን ቀን መኖ አይሰጥ። ሌላው የሚጎድለው ብረት ነው፤ የዓሣ መኖ ብረት ስለሚያንሰው በየሦስት ሳምንቱ ለ200 ሊትር ከላይ የተባለውን ባለ 6 በመቶ ኬሌት ብረት 7 ግራም መጨመር ነው።

ሥርና ውሃ፦
ለጦሳ ግርጌ የመጨረሻ ነገር፣ ቅጠል ማንበብ። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከቀረ ብረት ነው፣ ብዙ ጊዜ ፒኤቹ ከ7 አልፎ ብረቱ ስላልተወሰደ። ታች ያለው አሮጌው ቅጠል ቢጫ መሆን ከጀመረ ናይትሮጅን አልቋል። የውስጡ ለጋ ቅጠል ጫፉ ከተቃጠለ ካልሲየም አልደረሰውም፤ ጨው አትጨምር፣ ክፍሉን አናፍስ። ሐምራዊ ከሆነ በደሴ ብርድ አብዛኛውን ጊዜ የውሃው ቅዝቃዜ ነው።

ክሽክሽ ከወጣ በ1 ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና የቅጠሉን ሆድ እየገለበጥክ ርጭ፣ ከሰዓታት በኋላ በንጹሕ ውሃ አጥበው። እህትህ ግን ይህን አትሞክር፤ ሳሙና ለዓሣ መርዝ ነው፣ እዚያ በእጅ መልቀም ወይም ቅጠሉን ቆርጦ መጣል ብቻ ነው ያለው።