ፍቅሩ አለቀ፣ የዘፈኑ ገንዘብስ?

አወያይ፦
የዛሬው ርዕስ ይሄ ነው። አንድ ዘፋኝ ከፍቅረኛው ጋር ሆኖ ዘፈን ይሠራል። ከዚያ ይለያያሉ። ዘፈኑ ግን አብሯቸው አይለያይም። ሬዲዮ ላይ ይዞራል፣ መድረክ ላይ ይዘፈናል፣ ሮያሊቲውም፣ ማለትም ዘፈኑ በተጠቀሙበት ቁጥር የሚከፈለው ገንዘብ፣ ለሁለቱም ይገባል። ተገቢ ነው? ሁለተኛ ጥያቄ፦ አንድም ቃል ያልጻፈ፣ ግን ዘፈኑ ስለ እሱ የተዘፈነበት የቀድሞ ፍቅረኛስ የሚጠይቀው ነገር አለ?

መነሻችን አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ቴይለር ስዊፍት ትሁን። ከተዋናዩ ጆ አልዊን ጋር ስድስት ዓመት ያህል አብረው ቆዩ። በ2020 ፎክሎር የተባለው አልበሟ ሲወጣ ዊሊያም ባወሪ የሚባል፣ ማንም የማያውቀው ደራሲ ሁለት ዘፈኖች ላይ ስሙ ነበረበት። ሰው ሁሉ ማነው ሲል ከረመ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አልዊን መሆኑን እሷው ተናገረች። ኋላ በወጡ አልበሞቿም ላይ ስሙ አለ። በ2023 ተለያዩ። ኢራስ የተባለው ትልቁ የኮንሰርት ጉዞዋ ገና መጀመሩ ነበር፤ አብረው ከጻፏቸው አንዱ፣ ሻምፔይን ፕሮብለምስ፣ በ149ኙም መድረክ ተዘፈነ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። መሳደብ ክልክል ነው። መናደድ ይቻላል።

ሌሊት ወፏ፦
ከተፈቀደ ልናደድ። ልጅቷ ከሦስት ሰዓት በላይ ቆማ ትዘፍናለች፣ እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይቆጥራል። ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሆነች ስንኝ ጣል ስላደረገ ዕድሜ ልኩን ጡረታ ይከፈለው? ፍቅረኛዬ ስለሆንክ ያካፈልኩህን፣ ፍቅረኛዬ ካልሆንክ መልስ። እኔ እንደዚህ ነኝ።

ምን ገደደኝ፦
"የሆነች ስንኝ" መሆኗን በምን አወቅሽ? እዛ ነበርሽ እንዴ? እሷ ራሷ ያለችውን ልንገርሽ። ቤቲ የሚባለውን ዘፈን አዝማች እሱ ሌላ ክፍል ሆኖ ሲዘፍነው ነው የሰማችው። ያለቀለት አዝማች ነው፣ ከነግጥሙ። ገብታ አብረን እንጻፈው ያለችውም እሷ ናት። ኤግዛይል የሚባለው ዘፈን ላይ ደግሞ የፒያኖው ዜማና የመጀመሪያው ቤት የእሱ ነው ብላለች። ታዲያ ይሄ ጡረታ ነው ወይስ ደሞዝ?

ሌሊት ወፏ፦
ደሞዝ ሥራ ስትለቅ ይቆማል።

ምን ገደደኝ፦
አብራችሁ የሠራችሁት ቤት ግን ስለተጣላችሁ ግማሹ አይፈርስም።

ጠበቃዋ፦
እዚህ ጋ ልግባ። የማወራው በዋናነት ስለ አሜሪካ ሕግ ነው፤ የምንጠራቸው ዘፈኖች አብዛኞቹ የሚዳኙት እዛ ስለሆነ።

ዘፈን ሁለት ንብረት ነው። አንዱ ግጥምና ዜማው ነው። ሌላው ቀረጻው፣ ማስተር የሚሉት። ስዊፍት በ2019 ያለፈቃዴ ተሸጠ ብላ የጮኸችው፣ በ2025 ደግሞ መልሳ የገዛችው ማስተሩን ነው። በመሃል ከ2021 ጀምሮ የድሮ አልበሞቿን እንደ አዲስ ቀርጻ ማውጣት የቻለችው ግጥምና ዜማው ላይ መብት ስላላት ነው። አልዊን ያለው እዚህኛው ወገን ነው። እና ይሄኛው ወገን ቀላል እንዳይመስላችሁ፦ የአሜሪካ መደበኛ ሬዲዮ ዘፈን ሲያጫውት ለደራሲው ይከፍላል፣ ለዘፋኙ ግን ቤሳ አይከፍልም። መድረክ ላይ ሲዘፈንም ለደራሲ የሚሰበሰብ ክፍያ አለ። የ149ኙ መድረክ ነገር እዚህ ይገባል።

ሁለት ሰዎች አንድ ሥራ እንሥራ ብለው አብረው ከጻፉና ስለ ድርሻ ካልተዋዋሉ፣ ሕጉ እኩል ባለቤት ያደርጋቸዋል። አንዱ ዘጠኝ መስመር፣ ሌላው አንድ መስመር ቢጽፍ እንኳ። ስቱዲዮ ውስጥ ዘፈኑ እንዳለቀ ማን ስንት በመቶ እንደሚወስድ የሚጻፍባት ወረቀት የምትዞረው ለዚህ ነው። ፍቅረኞች ግን ይቺን ወረቀት ያፍሯታል። እሷን ማውጣት "አላምንህም" እንደማለት ይሆንባቸዋል። የመብቱ ዕድሜ ደግሞ ከሁለቱ መጨረሻ ላይ የሚሞተው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ነው። ፍቅሩ ስድስት ዓመት፣ ድርሻው እስከ ልጅ ልጅ።

ሌሊት ወፏ፦
ትዳር እንኳ ፍቺ አለው!

ምን ገደደኝ፦
ሳቅሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምርብሽ፤ ተናደሽ ሳትጨርሺ። በ2016 የስዊፍት የያኔ ፍቅረኛ፣ ዲጄው ካልቪን ሃሪስ፣ ሪሃና የዘፈነችበትን ዲስ ኢዝ ዋት ዩ ኬም ፎርን አወጣ። ደራሲዎቹ ውስጥ ኒልስ ሾበርይ የሚባል ሰው አለ። ሃሪስና ስዊፍት በተለያዩ በሳምንታት ውስጥ ነገሩ ወጣ፤ ኒልስ ማለት ስዊፍት ናት። ያኔ ሃሪስ በአደባባይ ትዊት እያደረገ ሲያማርር የእሷ ደጋፊዎች ምን አሉ? "ጽፋለች፣ ይገባታል" አሉ። ልክ ነበሩ። በ2016 ለእሷ ልክ የሆነው በ2023 ለእሱ ሲሆን ለምን ጡረታ ተባለ?

ሌሊት ወፏ፦
እሱን አላውቅም ነበር። ቆይ ላስብበት። ግን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ከአቋሜ አልነቃነቅም። ስለ እኔ ስለዘፈንሽ ክፈይኝ የሚል ሰው ዓይኑን በጨው ታጥቧል። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ አዴል በ2011 የተናገረችውን አስታውሱ። የመጀመሪያ አልበሟ፣ 19፣ ያጠነጠነበት ልጅ ዘፈኖቹ ሲነሱ ለሳምንት ያህል እየደወለ ከሮያሊቲው አካፍይኝ አላት። ቀልዱን መስሏት ነበር። የምሩን ነው። መልሷ ባጭሩ፦ ሕይወቴን ሲኦል አደረግህብኝ፣ የኖርኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ይገባኛል። አበቃ። መበደል ድርሰት አይደለም።

ጠበቃዋ፦
በሕግም ያው ነው። የቅጂ መብት የሚጠብቀው የተጻፈውን እንጂ የተጻፈበትን ምክንያት አይደለም። ክህደት ሐሳብ ነው፤ ሐሳብ ባለቤት የለውም።

ዝምተኛዋ፦
ሁሌ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን "መበደል ድርሰት አይደለም" ስትሉ ከነከነኝ፤ ምክንያቱም የተበዳይዋም ዝምታ ድርሰት አይደለም ማለታችሁ ነው። ፓቲ ቦይድን ውሰዱ። የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን ባሏ ነበር፣ ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን ሁለተኛ ባሏ። ክላፕተን ሌይላ የሚለውን ዘፈን የጻፈው ለእሷ ነው፣ ገና የጓደኛው ሚስት ሳለች። ዎንደርፉል ቱናይትም ስለ እሷ ነው። ደራሲ ግን አይደለችም። በ2024 የክላፕተንንና የሃሪሰንን ደብዳቤዎች በክሪስቲስ ጨረታ ሸጠች፤ ከዘፈኖቹ በእጇ የቀረው ወረቀቱ ነበር።

ከእሷ የባሰብኝ ግን አባ (ABBA) የሚባለው የስዊድን ባንድ ዘፋኝ የአግኔታ ነገር ነው። የባንዱ አባልና ባሏ የነበረው ቢዮርን ከእሷ ከተለያየ በኋላ ዘ ዊነር ቴክስ ኢት ኦልን ጻፈ። የተሸነፈችውን ሴት ሆና የምትዘፍነው ማን ሆነች? እሷው። በ1980 ወጣ፣ ብዙ አገር አንደኛ ሆነ። እንደ ዘፋኝ የሚደርሳት ነበር፤ የደራሲው ግን የቢዮርንና የሌላው የባንዱ አባል የቤኒ ነው። ራሴን በእሷ ቦታ አስቀምጬ አየሁት። የቀድሞ ባሌ ፍቺያችንን ጽፎ፣ ማይክራፎን ሰጥቶኝ፣ በይ አልቅሺበት ሲለኝ።

ምን ገደደኝ፦
ከባድ ነው። ግን ድምፅ ሰጠች እንጂ አልጻፈችም። ስሜቱን ሁሉ በገንዘብ መተመን ከጀመርን የት እናቆማለን? እናትየውስ? ያጣላቸውስ ጓደኛ?

ዝምተኛዋ፦
ሁሉን አላልኩም። ፍሊትዉድ ማክ ከሚባለው ባንድ ጋር አወዳድሩትና ታዩታላችሁ። ስቲቪ ኒክስና ሊንዚ ባኪንግሃም ፍቅራቸው እየፈረሰ ከባንዱ ጋር በ1977 ሩመርስ የተባለውን አልበም አወጡ። እሱ ስለ እሷ ጻፈ፣ እሷም ስለ እሱ ጻፈች፣ አንዱ በሌላው ዘፈን ላይ ተጫወተ። ድሪምስ የኒክስ ነው። በ2020 አንድ ሰው ስኬትቦርድ ላይ ሆኖ በቪዲዮ ሲያስደምጠው ዘፈኑ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ሰንጠረዥ ውስጥ ገባ። የደራሲው ድርሻ የእሷ። ልዩነቱ ምንድነው? ኒክስ ብዕር ነበራት። ለአግኔታና ለፓቲ ብዕሩን የያዘው ሌላ ነው።

ጠበቃዋ፦
ይሄ አባባል ቆንጆ ነው፤ ግን ብዕር ያልያዘውም የሚያገኝበት መንገድ አለ። ትዳር። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት በ1987 በትዳር ውስጥ የተጻፈ ሥራ የቅጂ መብት የጋራ ንብረት ነው ብሏል። ሌሊት ወፏ፣ ፍቺም አያድንም ማለት ነው።

ዘፋኙ ማርቪን ጌይ ከሚስቱ ከአና ጎርዲ ጋር ሲፋታ እጁ ላይ ገንዘብ አልነበረውም። ስምምነቱ ምን ሆነ መሰላችሁ፦ ገና ካልተሠራው አልበሙ 600 ሺህ ዶላር ለእሷ። መጀመሪያ ለብ ለብ አድርጌ ልገላገለው ብሎ ነበር። ሲጀምረው ግን ስለ ትዳራቸው የተዘፈነ ሙሉ አልበም ሆነ፣ በ1978 ወጣ። ስለ እሷ የተዘፈነ፣ ገንዘቡም ለእሷ። እሷ አልተደሰተችም፤ ልትከሰውም አስባ ነበር።

ዘፋኟ ሼር ደግሞ አለች። አብሯት ይዘፍን ከነበረው ባሏ ከሶኒ ቦኖ በ1975 ተፋታች። በ1978 ባደረጉት ክፍፍል አብረው በነበሩ ጊዜ ከወጡት ዘፈኖች ግማሹ ሮያሊቲ ለእሷ ሆነ፤ ደራሲው እሱ ሆኖ ሳለ። ሶኒ በ1998 ሞተ። የመጨረሻ ሚስቱ፣ ሕጉ ለደራሲ ወራሾች ደራሲው ድሮ ለሌላ ያስተላለፈውን መብት የማስመለስ መብት ይሰጣል፣ ስለዚህ የሼር ክፍያ ያበቃል አለች። ሼር በ2021 ከሰሰች። በ2024 ዳኛው ለሼር ፈረደ። ከክፍፍሉ 46 ዓመት በኋላ!

ሌሊት ወፏ፦
እሺ ሼር ይገባታል። እሷ ባትኖር ሶኒን ማን ይሰማው ነበር? ቆይ... ይሄን ስል የራሴን ክርክር ናድኩት መሰለኝ።

ባለ ጊታሩ፦
ከመጀመሪያው እያነበብኩ ነው። ልናገር አልናገር እያልኩ ነበር።

እኔ ታዋቂ አይደለሁም። ሰዎች የሚያውቁልኝ አንድ ዘፈን አለኝ፣ እሱንም ሌላ ሰው ነው የዘፈነው። ከስምንት ዓመት በፊት ከነበረችኝ ልጅ ጋር ስኖር የሠራሁት ነው። የክፍያ መግለጫ ሲመጣ ደራሲ ከሚለው ፊት ለፊት ያለው የእኔ ስም ብቻ ነው። ገንዘቡ ይህን ያህል አይደለም። ግን በየሦስት ወሩ ይመጣል።

ባለፈው ወር ስልክ ልቀይር ስል የድሮ የድምፅ ቅጂዎች አገኘሁ። አንዷ 41 ሰከንድ ናት። ርዕስ የላትም፣ ቀን ብቻ። እኔ ጊታር እየቃኘሁ ነው፣ ክሩ ሲጠብቅ ይሰማል። ከኋላ ውሃ ይፈሳል፣ ሳህን ከሳህን ይጋጫል። ሃያኛው ሰከንድ አካባቢ እሷ ታንጎራጉራለች። አዝማቼ ነው። ቃል የለውም፣ ግን ከላይ እስከ ታች ዜማው እሱ ነው፤ መጨረሻ ላይ ድምፁን ወደ ታች የምትሰብረው እንኳ አለ። ጊታሩ ቀጥ ይላል። "እስቲ ድገሚው" እላለሁ። ውሃው ይዘጋል። ቅጂው እዛ ላይ ያበቃል።

ለስምንት ዓመት ይሄ ዜማ ሌሊት ከእንቅልፌ ሲያነቃኝ ነው የመጣልኝ እያልኩ ለሰው አውርቻለሁ። እየዋሸሁ አልነበረም። የምር እንደዛ ነው የማስታውሰው።

ሌሊት ወፏ፦
ወይኔ።

ምን ገደደኝ፦
ወንድሜ፣ ይሄን አደባባይ ማውጣትህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ግን አንድ ማንጎራጎር ድርሰት ይባላል? ሳህን እያጠበች እኮ ነው። ዘፈን ልጻፍ ብላ አይደለም።

ዝምተኛዋ፦
አልዊንም ሌላ ክፍል ውስጥ ሆኖ እየዘፈነ ነበር። ቅድም አንተው ነህ የነገርከን። ልዩነቱ ስዊፍት ገብታ አብረን እንጻፈው አለችው።

ምን ገደደኝ፦
ያዝሽኝ።

ዝምተኛዋ፦
ይሄ አዲስ ነገርም አይደለም። ዘፋኟ ማሪያን ፌይዝፉል የሮሊንግ ስቶንሱ ሚክ ጃገር ፍቅረኛ ሳለች ሲስተር ሞርፊንን አብራ ጻፈች። ሮሊንግ ስቶንስ በ1971 ሲያወጡት ስሟ አልነበረም። በ1994 እንደገና ሲታተም ነው የገባው። ጆን ሌነን ኢማጂንን ሲያወጣ በ1971 ደራሲው እሱ ብቻ ነበር፤ በ1980 በሰጠው ቃለ ምልልስ ግን ሐሳቡም ግጥሙም ብዙው ከሚስቴ ከዮኮ የመጣ ነው፣ ስሟን ያላስገባሁት በራስ ወዳድነት ነው አለ። ዮኮ እንደ ደራሲ እውቅና ያገኘችው በ2017 ነው። እነዚህ ሁለቱ ሴቶች የዘፈን መነሻ ብቻ አይደሉም፣ ልብ በሉ። ጽፈዋል። አብሮ የሚኖር ሰው የጻፈው ግን "እቤት ውስጥ የተባለ ነገር" ሆኖ ይቀራል።

ጠበቃዋ፦
ባለ ጊታሩ፣ እንደ ጠበቃ አይደለም፣ እንደ እህት ልምከርህ። በሕግ ብትከስህ ማሸነፏን አላውቅም፤ አብረን እንጽፍ የሚል ሐሳብ ነበር ወይ የሚለው ያከራክራል፣ ጊዜውም ሄዷል። ግን አንተ ራስህ ሰጥተህ ድርሻውን ማስተካከል ትችላለህ። ከአሳታሚውና ሮያሊቲውን ከሚሰበስበው ማኅበር ጋር የሚሞላ ቅጽ ነው። ሁለታችሁ ፈርማችሁ ታስገባላችሁ፣ ያልቃል። ነግረሃታል?

ባለ ጊታሩ፦
ትናንት ማታ ቅጂውን ላኩላት። ምንም አልጻፍኩበትም። 41 ሰከንዷን ብቻ።

ሌሊት ወፏ፦
ሰውዬ! ስምንት ዓመት ጠፍተህ የሳህን ድምፅ ላክላት? ልጅቷ ምን ትበል? ግማሹ ያንቺ ነው ብለህ ጻፍላት፣ አሁን፣ እኛ እዚሁ እያለን።

ባለ ጊታሩ፦
አሁን ጻፍኩ። "አዝማቹ ያንቺ ነው። ግማሹ ይገባሻል፣ ያለፈውም ጭምር።"

አወያይ፦
ውይይቱን ልዘጋ ነበር፤ አልዘጋሁም። ምን አለች?

ባለ ጊታሩ፦
አይታዋለች። እየጻፈች ነው ይላል። ይጠፋል። ደግሞ እየጻፈች ነው ይላል።

ምን ገደደኝ፦
ተዋት ጊዜ ትውሰድ። ደራሲ ናት እኮ።