ለጀማሪ የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ መቀስ ይቅደም ወይስ ኮምፒውተር?

ጥያቄ፦ የዲዛይን አስተማሪ፣ ደሴ

ሰላም ናችሁ? ደሴ ላይ ለ18 ጀማሪዎች የ10 ሳምንት የግራፊክ ዲዛይን ኮርስ እያዘጋጀሁ ነው። ያለን ኮምፒውተር 5 ብቻ ነው። መብራትም ይጠፋል።

ባለፈው ዙር ከመጀመሪያው ቀን ፎቶሾፕ ከፍቼ ጀመርኩ። ተሳስቻለሁ። በሁለት ወር ሁሉም ጥላና ብልጭታ የበዛበት የሠርግ ካርድ መሥራት ቻለ። «የሙሽሮቹን ስም ለምን እዚህ አስቀመጥከው?» ብዬ ስጠይቅ ግን ዝም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ዘንድሮ በመቀስና በኮላ መጀመር እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ኮላጅ፣ ማለትም ወረቀት እየቆረጡ በመለጠፍ የሚሠራ ሥዕል፤ ቀጥሎ ዚን። ዚን ስል ተማሪው ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አቀናብሮ በፎቶ ኮፒ የሚያባዛው ትንሽ መጽሔት ማለቴ ነው። ወረቀት ችግር የለም። የድሮ ጋዜጣ፣ የብስኩት ካርቶን፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ሰብስቤአለሁ።

ሁለት ነገር ግን ጨንቆኛል። ኮላጁን በሦስት ልጆች ስሞክረው ወረቀቱን ጢም አድርገው ሞሉት። አንዱን ለምን ስለው «ባዶ ከተተወ እኮ ያላለቀ ይመስላል ቲቸር» አለኝ። ባዶ ቦታን እንዴት ላስተምር? ሌላው የወላጆች ነገር ነው። አንዲት እናት «ልጄን ኮምፒውተር ይማርልኝ ብዬ እንጂ ወረቀት ይቁረጥ ብዬ አልላክሁትም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከጉሮሯቸው ቀንሰው ነው የሚከፍሉት። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ የሥዕል መምህር፣ ኮምቦልቻ

እህቴ አብሽሪ፣ መንገድሽ ትክክል ነው።

ስለ ባዶ ቦታ በቃል ብዙ አታስረጂ። ቁራጩን ቀንሺባቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ነጭ ወረቀትና ሦስት ቁራጭ ብቻ ስጪ፤ አንድ ትልቅ ጥቁር፣ አንድ መካከለኛ ግራጫ፣ አንድ ትንሽ ቀይ። ኮላውን ደብቂው። ያንቀሳቅሱ፣ በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ እንደገና ያንቀሳቅሱ። አምስት ፎቶ ጎን ለጎን ሲያዩ የትኛው እንደሚተነፍስ ራሳቸው ይነግሩሻል። ኮላ ቶሎ እጃቸው ከገባ የመጀመሪያው ሐሳብ የመጨረሻው ይሆናል።

ከዚያ ወደ ፊደል ውሰጃቸው። ከጋዜጣ ርዕስ ላይ አንድ «መ» ቁረጡ። በፎቶ ኮፒ ደጋግማችሁ አሳድጉት፤ ጠርዙ እስኪሻክር ድረስ። ከዚያ ሁለቱን የ«መ» ዓይኖች ብቻ ቆርጣችሁ አውጡና ጥቁር ወረቀት ላይ አስቀምጧቸው። ፊደሉ የለም፤ ውስጡ ያለው ባዶ ብቻ ነው ያለው። ግን አሁንም «መ» ይላል። እኔ ክፍል ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሠራልኝ መልመጃ የለም።

ለእናትየው ደግሞ ይሄን አሳዪያቸው፦ ኮምፒውተሩ ላይ «ቁረጥ» እና «ለጥፍ» የሚባሉት ትእዛዞች ስማቸውን ያገኙት ከመቀስና ከኮላ ሥራ ነው። የፎቶሾፕ ሌየርም ወረቀት በወረቀት ላይ መደረብ ነው። ልጃቸው በወረቀት የሠራውን ስካን አድርጎ ኮምፒውተር ላይ ሲያስተካክለው ይዩት። ለተማሪዎቹ ደግሞ ሠዓሊዎቹ ፒካሶና ብራክ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 ጋዜጣና የግድግዳ ወረቀት ቆርጠው ሥዕላቸው ላይ መለጠፋቸውን ንገሪ። የኛውን አርቲስት የኤልያስ ስሜን ሥራም አሳዪ። ከተጣለ ኮምፒውተር በወጣ ሽቦና ቁርጥራጭ ነው ያን ሁሉ ግዙፍ ሥራ የሚሠራው።

መልስ፦ ማተሚያ ቤት የምሠራ፣ ደሴ

እኔ ስለ ዚኑ ልናገር። በስቴፕለር የሚያያዝ ባለ 16 ገጽ አታስጀምሪያቸው፤ የገጽ ቅደም ተከተሉ ያምታታቸዋል። በአንድ ኤፎር ወረቀት 8 ገጽ ይወጣል። ወረቀቱን አግድም አስቀምጪውና 8 ቦታ እጠፊው። ከታች ከግራ ወደ ቀኝ 8፣ 1፣ 2፣ 3። ከላይ ደግሞ ተገልብጠው 7፣ 6፣ 5፣ 4። 1 ሽፋኑ ነው፣ 8 ጀርባው። መሀል ላይ፣ 1ን ከ6፣ 2ን ከ5 በሚለየው መስመር ብቻ በመቀስ ትቆርጪዋለሽ። በቁመቱ አጥፈሽ ሁለቱን ጫፍ ወደ መሀል ስትገፊው መጽሐፍ ይሆናል። የሚባዛው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ወጪው የአንድ ገጽ ኮፒ ነው።

ልጆች ሁሌ የሚሳሳቱት ጠርዝ ላይ ነው። ኮፒ ማሽን እስከ ወረቀቱ ጫፍ አያትምም። ዙሪያውን 1 ሴንቲሜትር ይልቀቁ። አንዱ ደንበኛዬ የግጥሙን የመጨረሻ ቃል በሙሉ አስበልቶ 50 ኮፒ ወስዷል፤ አሁንም ያሳዝነኛል። ፈዛዛ እርሳስም አይወጣም።

መልስ፦ ጡረተኛ መምህር፣ ሐይቅ

ልጄ፣ አገርሽ ያለውን አትርሺ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ መጽሐፍ የሚጻፍበት ገዳም ነው። ብራና ላይ ጸሐፊው መጀመሪያ በወስፌ ጠርዙን ይወጋል፣ ከዚያ ያሰምራል፣ ከዚያ ነው ብዕር የሚያነሣው። ዓምዱን ተመልከቺ፣ የኅዳጉን፣ ማለትም በጽሑፉ ዙሪያ የሚተወውን ባዶ ጠርዝ፣ ስፋት ተመልከቺ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ዓይነት የለውም። ጸሐፊዎቹ ግን የቅዱሳኑን ስም በቀይ ቀለም ይለያሉ፤ የምዕራፉን መጀመሪያ በሐረግ፣ በተጠላለፈ ጌጥ፣ ያስጌጣሉ። በሸኾች ቤት ያሉት በእጅ የተጻፉ የእስልምና መጻሕፍትም እንዲሁ ናቸው። ማብራሪያው በኅዳጉ ላይ ዞሮ ይጻፋል። ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ሴት ተማሪዎችሽ እንዳይቀርባቸው ፎቶ አስፈቅደሽ አምጪላቸው።

ጠያቂ፦

አባቴ፣ ወንድሞቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። 4 ሳምንት ኮላጅ፣ 3 ሳምንት ዚን፣ የቀረው 3 ኮምፒውተር ላይ እንዲሆን ወሰንኩ። ዚኑ በጥቁርና በአንድ ቀይ ብቻ ይሠራል፤ ቀዩን ከኮፒው በኋላ በእጃቸው ይጨምሩታል። ርዕሱ የየራሳቸው ሰፈር ነው።

ትናንት ያንን ወረቀት የሞላውን ልጅ ጠርቼ ሦስቱን ቁራጭ ሰጠሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል አንቀሳቀሳቸው። መጨረሻ ላይ ትንሿን ቀይ ከጥቁሩ አርቆ ታችኛው ጥግ ላይ አደረጋትና እጁን አነሣ። «አሁን ታየችኝ» አለ። ከዚያ ኮላ ጠየቀኝ።