ጥቆማ፦ ጌም በገንዘቤ መግዛት ልጀምር ነው፤ ከኢንተርኔት የጌም መደብሮቹ ከስቲም፣ ከኤፒክና ከጎግ የቱ ይሻለኛል?

የጎተራው፦
ሰላም ቤተሰብ። ላፕቶፕ ከገዛሁ አራት ወር ሆነኝ። እስካሁን የተጫወትኩት ሁሉ ክራክ (ሳይከፈልበት ተሰብሮ የተቀዳ) ነው፤ ሰፈር ያለ ሱቅ በሃርድ ዲስክ የጫነልኝ። ባለፈው ሳምንት ከአንዱ ጌም ጋር ቫይረስ ገብቶ የእህቴን የመመረቂያ ጽሑፍ ለትንሽ አተረፍነው። በቃኝ። ከአሁን በኋላ እገዛለሁ። የምወደው ታሪክ ያለውን፣ ብቻዬን የምጫወተውን ነው። በዓመት ሦስት አራት ጌም ብገዛ ነው። አዲስ አበባ ሆኜ የቱ ጋ አካውንት ልክፈት?

ማታ_ተጫዋች፦
ስቲም። ሌላ ቦታ አትድከም። በፈረንጆቹ ከ2003 ጀምሮ አለ። ገዝተህ ካልጣመህ፣ 14 ቀን ካላለፈውና 2 ሰዓት ካልተጫወትከው ገንዘብህ ይመለሳል። መብራት ሄዶ ዳውንሎዱ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ጓደኞቼም በሙሉ እዚያ ናቸው። አሥር ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፤ አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

የጀሞ_ልጅ፦
ሪፈንዱ ኤፒክም ላይ ያው ነው፤ 14 ቀን፣ 2 ሰዓት። ግን ለምን ትከፍላለህ? ኤፒክ በየሐሙሱ ነፃ ጌም ይሰጣል። በእኛ ሰዓት ማታ 12 ወይም 1 ሰዓት ላይ ይለቀቃል፤ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ነው የሚለያየው። ካርድ አይጠይቅህም። አንዴ ከወሰድክ ዓመት ሙሉ ሳታወርደው ብትቆይም ላይብረሪህ ውስጥ ይጠብቅሃል። በግንቦት 2020 ጂቲኤ 5ን በነፃ ሲሰጡ ከሰው ብዛት የተነሳ ገጹ ለሰዓታት አልከፈት ብሎ ነበር። ያኔ የወሰድኩት እስከ ዛሬ አለ።

ከፋይ_ነኝ፦
ወንድሜ፣ የምትገዛበትን መንገድ አደራ ተጠንቀቅ። እኔ የዶላር ካርድ ስለሌለኝ ቴሌግራም ላይ ከሚሸጥ ልጅ የስቲም ኮድ በ1,800 ብር ገዛሁ። በቴሌብር ላክሁለት፤ በአምስት ደቂቃ ኮዱ መጣ። አስገባሁት፣ ሠራ። 11 ቀን ተጫወትኩ። በ12ኛው ቀን ከሥራ ገብቼ ስከፍት ጌሙ የለም። ተነስቷል የሚል መልእክት ብቻ ነው የጠበቀኝ። ለልጁ ጻፍኩለት፤ ብሎክ አድርጎኛል። በኋላ ሲገባኝ በተሰረቀ ካርድ የተገዛ ኮድ ኖሯል። ባለካርዱ ለባንኩ ሲያመለክት ኮዱ ይሰረዛል፤ ጌሙም ከሁላችንም ላይ ይነሳል። ብሩስ ይሁን። ያ ሁሉ የማታ እንቅልፌ ነው የቆጨኝ።

ሰላም_ከቦሌ፦
እኔም ተበልቻለሁ። ለእኔ የሸጡልኝ ሙሉ አካውንት ነበር፤ ሃያ ጌም ያለበት። በሳምንቱ የይለፍ ቃሉን ቀይረው መልሰው ወሰዱት። የአንተ የትኛው ቻናል ነው? ምናልባት አንድ ሰው ይሆናል።

ከፋይ_ነኝ፦
ስሙን አሁን ቀይሮታል እህቴ። በውስጥ ልላክልሽ።

ኳስ_ብቻ፦
ያገለገለ ፒኤስ 4 (ፕሌይስቴሽን) ግዛ። ሁለት ጆይስቲክ ያዝ፣ ጓደኞችህን ጥራ። ላፕቶፕ ላይ ብቻህን ተቀምጠህ ምን ትሠራለህ?

የጀሞ_ልጅ፦
ብቻዬን የምጫወተውን ነው የምወደው አለ እኮ! ጥያቄውን አንብበኸዋል?

የአያቱ፦
ጎግን ማንም አላነሳውም። ከ2008 ጀምሮ ያለ የፖላንዶች መደብር ነው። ጌሙን ስትገዛ መጫኛውን ፋይል ራሱን ይሰጡሃል። ትልቅ ከሆነ አራት አራት ጊጋ እያደረጉ ይከፋፍሉታል፤ ይህ ለእኛ ኔት ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ሁለቱን፣ ነገ ሦስቱን እያልክ ታወርዳለህ። ሃርድ ዲስክ ላይ 31 ጌም አለኝ። ክረምት ላይ ለሁለት ሳምንት ኔት የሚባል ነገር አልነበረንም፤ አንዱን አውጥቼ ጫንኩና እየተጫወትኩ አሳለፍኩት። ማንንም ፈቃድ አልጠየቅኩም። ስቲም እኮ ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ስትከፍል የምትገዛው የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን ጽፎ ይነግርሃል። እኔ የገዛሁት ነገር እጄ ላይ እንዲኖር እፈልጋለሁ።

ማታ_ተጫዋች፦
እሺ አምባሳደር! አዲስ ጌም ሲወጣ ስንት ዓመት ነው የምትጠብቀው? እኛ ጨርሰን ስንረሳው ነው አንተ የምትጀምረው።

የአያቱ፦
ባልደርስ ጌት 3 በ2023 ስቲም ላይ በወጣ ዕለት ጎግም ላይ ወጥቷል። ብዙዎቹ ትልልቅ ጌሞች ግን እንደማይመጡ አልክድም።

ቨርጂኒያ_ያለሁ፦
እኔ የምናደደው በዋጋው ነው። ኤፒክ በ2018 ሲመጣ ከሽያጩ 12 በመቶ ብቻ እወስዳለሁ አለ፤ ስቲም መነሻው 30 ነው። በዚያ ስሌት ከ20 ዶላር ጌም ሠሪው ኤፒክ ላይ 17.60 ያገኝ ነበር፣ ስቲም ላይ 14። ለሠሪዎቹ ጥሩ ነው፤ ደስ ይለኛል። ገዢው ግን እዚያም እዚህም 20 ነው የሚከፍለው። አዲስ አበባ ያለው የወንድሜ ልጅም ስቲም ላይ የሚያየው እኔ እዚህ የማየውን የዶላር ዋጋ ነው። በእኔና በእሱ ደመወዝ መካከል ያለውን ልዩነት ማን ያጣው! ድሮ በቪፒኤን (ያለህበትን አገር በሚደብቅ ፕሮግራም) በቱርክና በአርጀንቲና ርካሽ ዋጋ የሚገዙ ነበሩ፤ ከኅዳር 2023 ጀምሮ የእነዚያ አገሮች ዋጋም ወደ ዶላር ተቀይሯል። ደግሞም በቪፒኤን መግዛት አካውንት ያስዘጋል፤ አትሞክሩት።
የጎተራው፣ ውጭ ዘመድ ካለህ ስቲም ላይ ጓደኛ ያድርግህ። ጓደኛ ከሆናችሁ ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ ጊፍት ካርድ (ገንዘብ ያለበት የስጦታ ካርድ) በቀጥታ ወደ አካውንትህ መላክ ይችላል። ከቴሌግራም ኮድ ይህ ይሻልሃል።

የጎተራው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከፋይ_ነኝ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። ቨርጂኒያ ያለኸው ወንድሜ፣ አጎቴ ሲያትል ነው፤ ስቲም የሚባለውን ግን ጨርሶ አያውቀውም። እሱም አካውንት መክፈት አለበት?

ቨርጂኒያ_ያለሁ፦
አታድክመው። ሱፐርማርኬት ገብቶ ካርዱን ይግዛና ጀርባውን ፍቆ ኮዱን ፎቶ አንስቶ ይላክልህ። ደረሰኙን እንዳይጥል ንገረው።

ማታ_ተጫዋች፦
አንድ ነገር ልጨምር። ስቲም ላይ ጓደኛህ ያወረደውን ጌም አንተም ከገዛኸው፣ በአንድ ዋይፋይ ወይም በኬብል ከእሱ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ ትችላለህ። ከ2023 ወዲህ የመጣ ነው። 60 ጊጋ በቤት ኔት ስንት ቀን እንደሚፈጅ ታውቃለህ። የእኔን በኬብል አያይዘን ቡና እስኪፈላ አለቀ። ጎተራ ቅርቤ ነው፤ ብትመጣ ያለኝን እሰጥሃለሁ። የአያቱ፣ ቅድም ስላልኩህ ይቅርታ።

የአያቱ፦
ምንም አይደል።

ኳስ_ብቻ፦
ፒኤስ 4 ላይ ዲስኩን ትዋዋሳለህ፤ ኬብልም አያስፈልግህም።

ሰላም_ከቦሌ፦
የጎተራው፣ ታዲያ የቱን ወሰንክ?

የጀሞ_ልጅ፦
ዛሬ ሐሙስ ነው። 1 ሰዓት ሆኗል፣ ግቡ።