የስኮትላንዱን የእርሻ አሽከር ፍለጋ፦ የጋራ ዕቅዱን እንጨርስ

አስተባባሪ፦
ሰላም ወገን። የዚህ ዙር የዘር ሐረግ ፍለጋችን የቡካን (የስኮትላንዱ አበርዲንሻየር ክፍል) ምራታችን ባለቤት ቅድመ አያት ናቸው። በ1861 የሕዝብ ቆጠራ (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) አበርዲንሻየር ውስጥ «የእርሻ አሽከር» ተብለው ተመዝግበዋል። መሬት የለ፣ ኑዛዜ የለ። ረቂቄ የልደት መዝገባቸውን በመፈለግ ይጀምራል። ቅጂው ስለሚከፈልበት ሐሳብ ስጡ።

የቡካን ምራት፦
ከሞታቸው ብንጀምር ይሻላል። የመንግሥት ምዝገባ የተጀመረው በ1855 ስለሆነ ልደታቸው እዚያ አይገኝም። የሞት መዝገቡ ግን የሁለቱንም ወላጆች ስም ይይዛል፣ እናትየውም እንደኛው አገር በአባቷ ስም ነው የምትጻፈው። በ1855 የተወለደ ልጅ ካላቸውማ ሎተሪ ነው! የዚያ ዓመት ቅጽ የወላጆችን ዕድሜና የትውልድ ቦታ ሳይቀር ይጠይቅ ነበር። መዝጋቢዎቹን አሰልችቶ በዓመቱ ቀረ።

ካርታ ወዳድ፦
ልክ ነሽ እህቴ፣ ግን አንድ አድራሻ ይዘን አንሩጥ። ያላገባ አሽከር የሚቀጠረው ለስድስት ወር ነበር፤ ግንቦትና ኅዳር ላይ ገበያ ወጥቶ ይቆማል፣ ገበሬው አይቶ ይዋዋለዋል፣ ከዚያ ያለውን ሁሉ የያዘች የእንጨት ሣጥኑን ይዞ ወደ ሌላ እርሻ ሄዶ ከፈረሶቹ ጋጣ አጠገብ ባለች ክፍል ያድራል። ቆጠራው የሚያሳየን በአሥር ዓመት አንዲት ሌሊት ነው። ስለዚህ ከድሮው ካርታ ላይ የአካባቢውን እርሻዎች ስም ልልቀም።

አስተባባሪ፦
የቤትና የመሬት ባለቤቶችና ተከራዮች የሚጻፉበት የንብረት ግምት መዝገቡስ?

ካርታ ወዳድ፦
የአሠሪውን ስም ለማረጋገጥ ይጠቅማል። ጋጣ ዳር የሚያድረውን ማን ይጽፈዋል?

መዝገብ ፈታሽ፦
የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎችን ቃለ ጉባኤ ረሳችሁት። ያለ ጋብቻ ልጅ ከተወለደ እናቲቱን ጠርተው አባቱ ማን እንደሆነ ይጠይቋታል፤ በዚያ አገር ደግሞ ብርቅ አልነበረም። በ1843 ቤተክርስቲያኒቱ ስለተከፈለች የሁለቱንም ወገን ማየት አለብን። ለእኔ ግን ዋናው የድሆች መዝገብ ነው። ከ1845ቱ የድሆች እርዳታ ሕግ በኋላ ያረጀ አሽከር እርዳታ ሲጠይቅ ተቆጣጣሪው የት ተወለድክ፣ የት ኖርክ፣ ልጆችህ የት ናቸው ይለዋል። አጥቢያው ውስጥ 5 ዓመት ካልኖረ ወጪውን ወደ ትውልድ አጥቢያው ይገፉታላ!

የቡካን ምራት፦
እሱን እንኳ ቀስ በሉ። አማቴ «ተመጽዋች» የሚባል ነገር ከወጣ ቅር ይላቸዋል። መጀመሪያ እኔ ላናግራቸው።

አስተባባሪ፦
እሺ። ሞት፣ ቆጠራ፣ ቃለ ጉባኤ፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ልደቱን ሰርዤዋለሁ። የድሆች መዝገብ አማትሽ እሺ ካሉ ይገባል። የእርሻዎቹ ዝርዝር እስከ እሑድ ይድረሰኝ።