የልቦለዴ መሀል አልያያዝ አለኝ

ረጅም ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የጠፋ ወንድሟን ስለምትፈልግ ነርስ ነው። መነሻው ጥሩ ይዟል። ወንድሟ ሆን ብሎ እንደተሰወረ የምታውቅበት ጡዘትም (ታሪኩ ጫፍ የሚደርስበት ቦታ) ተጽፏል። የቸገረኝ መሀሉ ነው። ታሪክን በመነሻ፣ በመሀልና በመጨረሻ በሚከፍለው የሦስት ክፍል አወቃቀር ይህ ክፍል የታሪኩን ግማሽ ያህል ይይዛል። የእኔ ግን አንዱን ሰው ታገኛለች፣ ትጠይቃለች፣ ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ በቃ። ምዕራፎቹን ሳቀያይራቸው ምንም አይፋለስም። አንዱ ሌላውን አያስከትልም ማለት ነው። ምልሰት (ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፈውን መተረክ) ብጨምር ጭራሽ ፍጥነቱን ገደለው። ይህችን ሴት በጣም ስለምወዳት እንዲሁ ስትንከራተት መተው አልፈልግም። አሁን ያሰብኩት እናቷ ወንድሟ ያለበትን እያወቀች እንድትደብቃት ነው። ይህን ምስጢር አንባቢው መሀል ላይ ቢያውቅ፣ እሷ ግን ባታውቅ፣ ልብ ሰቀላው ይጨምራል ወይስ ጡዘቱ አስቀድሞ ይከሽፋል?